ቀይ መብራቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ

ሚያዝያ 2

ልብስ አጠብኩ። የኩሽናው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ሥሩ ተጋድሞ በመፍቻ ይታገለዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልፈታው ነገር የለም፤ መልሶ የገጠመው ግን በጣት ይቆጠራል።

ስክሪፕቱን ለአስራ አንደኛ ጊዜ አስተካከልኩ። አስተካከልኩ ስል… ጠዋት አንድ ነጠላ ሰረዝ አወጣሁ፣ ከሰዓት መልሼ አስገባሁ።

ዘጠኝ ደቂቃ። አንድ ሾት፣ መሐሉ ላይ ሳይቆረጥ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ። መኪናውን ይዞረዋል፣ ጎማውን በጫማው መታ መታ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይገባና መሪው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ከኋላው ለተቀመጠች ልጁ (ልጅቷ አትታይም) እናቷ የሞተች ቀን ለምን እንደዘገየ ይነግራታል። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ነው። እጁ እስኪላጥ ሲፈታ፣ ሲገጥም… ሆስፒታል ሲደርስ እሷ አልፋለች። ካሜራው ይሄን ሁሉ ከውጭ ሆኖ በፊት መስታወቱ በኩል ያየዋል።

የእኛው ቤት ታሪክ ነው። ያኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተላጠ እጁን በፋሻ የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ። ስለ ምን እንደምሠራ ግን ለአባቴ አልነገርኩትም። የምረቃው ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይየውና ይኩራ። ሌላ ምን ልሰጠው እችላለሁ?

መምህራችን ባለፈው ሳምንት መነጽሩን አውልቆ፣ "ለመመረቂያ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማነጋገር እኮ ነውር አይደለም" አለኝ። ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ።

ሚያዝያ 9

አውቶቡስ ተገኘ! ያገኘው አባቴ ነው። የጋራዡ ኃላፊ ድሮ በእሱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ አብሮኝ ሄደ። ግቢው ጥግ ላይ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ለብረት ሊሸጥ ቆሟል።

"ሞተር የለውም" አለኝ ኃላፊው።

"ግድ የለም ጋሼ፣ ፊልሙ ላይም አይሄድም።"

"አንቺ ልጅ፣ የማይሄድ አውቶቡስ ማን ያይልሻል?"

አባቴ ሳቀ። ሁለት ቀን ሰጡን። በሦስተኛው ቀን ብረት ገዢዎቹ ጎትተው ይወስዱታል።

ሚያዝያ 14

ትምህርት ቤቱ ዕቃ አስረከበን። ካሜራው ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ባትሪ ሁለት፤ አንዱ አብጧል። ሄድፎን አንድ። ደረት ላይ የምትሰካ ገመድ የሌላት ማይክ አንድ። ሌላውን የቀደሙን ወሰዱት።

ቡድኔም እንደ ዕቃው ነው። ካሜራ የሚይዘው ዘንጉ ነው። ቁመቱ ነው ይሄን ስም ያወጣለት፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ልማድ ሆኖበት ሜዳ ላይም ጎንበስ ይላል። ድምፅ የምትይዘው ጆሮ የምንላት ልጅ ናት። አንዱ ሄድፎን የእሷ ነው። እኔ ደግሞ ዘንጉን ከኋላ በቀበቶው ይዤ እመራዋለሁ፣ ወደ ኋላ ሲራመድ ምንም እንዳያደናቅፈው። ሦስታችን ተያይዘን ስንለማመድ የግቢው ሰው ሁሉ ቆሞ አየን።

አንድ ሕግ አወጣሁ፦ የቀዳነውን መልሰን አናይም። ባትሪ ይበላል። የኤዲቲንግ ክፍል ገብተን ብቻ እናያለን። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ሚያዝያ 20

መጀመሪያ ቀን።

ተዋናዩ ሦስት ሰዓት ላይ መምጣት ነበረበት። በአራት ሰዓት ደወለ። "እህቴ፣ ይቅርታ… የሳሙና ማስታወቂያ አገኘሁ።" ስልኩን አውቶቡሱ ላይ ልወረውረው ነበር፤ ስልኩ አሳዘነኝ።

አባቴ እዚያው ነበር። መሪ እንዴት እንደሚያዝ ለተዋናዩ ሊያሳየው መጥቶ። ዘንጉ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "አባትሽስ?" አለኝ።

አባቴስ? ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ይዟል። ጎማ መምታት ማን ያስተምረዋል?

ስክሪፕቱን ሰጠሁት። እንዲህ ሆኖ እንዲያየው አልነበረም ሐሳቤ። ቆሞ አነበበው። ሁለት ገጽ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"አንተ ነሃ አባዬ።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "እሺ" አለኝ።

መራመዱ፣ መዞሩ፣ በሩን መግፋቱ… እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንደ እሱ ያለ ተዋናይ የለም። ግን ስድስተኛው ደቂቃ ላይ "አውቶቡሱ ተበላሽቶብኝ" ሲደርስ ይቆማል። ቃሉ ይጠፋዋል። ደግሞ ወደ ኋላ ወንበር ማየት ሲገባው ውጭ ካሜራው አጠገብ የቆምኩትን እኔን ያየኛል። ሰባት ጊዜ። ሰባቱም ጊዜ እዚያችው ቃል ላይ።

በሰባተኛው ጮህኩበት። "አባዬ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት! አንዲት!" ሰው ሁሉ ፊት። ጆሮ ጫማዋን ማየት ጀመረች። እሱ መሪውን በእጅጌው ወለወለው። "እንደገና እንሞክር" አለ።

ባትሪው አለቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ… የካሜራው ቀይ መብራትም በእያንዳንዱ ሾት አውቶቡሱ መስታወት ላይ ይታያል አለ ዘንጉ። አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ልክ የአባቴ ግንባር ላይ።

ሚያዝያ 21

አገኘነው። አገኘነው። አገኘነው።

ተራ በተራ ልጻፍ። ጠዋት ቀይ መብራቱን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት። ራሴ። ስክሪኑም ላይ የሚራወጠውን ጽሑፍና ቁጥር ሁሉ አጠፋሁት፣ ከስንጥቁ ጋር ሆኖ ምስሉን ስላላሳየን። ንጹሕ ሆነ። ዘንጉ፣ "አሁን ገና ዐይኑን አበራሽለት" አለኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደ ትናንቱ ነው። ያችው ቃል። ያው መቆም። እኔም ያው ጩኸት፤ ዛሬ ይባስ። ካሜራው አስራ አንድ ሰዓት ላይ መመለስ አለበት። ነገ አውቶቡሱ የለም። አንድ ጊዜ እንባዬ መጣና ጎማው ሥር ተቀመጥኩ። አባቴ ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

"እዚያ ውስጥ ሆኜ የምለው ይሰማሻል?"

"እያንዳንዷን ቃል አባዬ። ማይኩ ደረትህ ላይ ነው። ቀስ ብለህ ብትናገርም እሰማሃለሁ።"

ምን ላድርግ… ሰው ሲፈራ እንዲህ ይባላል። የሚሰማው ጆሮ ብቻ ናት፣ ሄድፎኑ አንድ ነው። መስታወቱ ተዘግቶ እኔ የማየው አፉን ነው።

"እሺ" አለ። ገባ።

አስር ሰዓት ከሩብ። አክሽን አልኩ። ዞረ፣ መታ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። ስድስተኛው ደቂቃ… አልቆመም። አለፈው! ኋላ ወንበሩን ትቶ እኔን እያየኝ ተናገረ። ከስክሪፕቱ ወጥቷል፣ ንግግሩ ሲረዝም ከአፉ አየሁት። ይውጣ! ፊቱን አይቼው አላውቅም እንደዚያ። ፀሐዩ በጎን ገብቶ ግማሽ ጉንጩ ላይ። አስራ አንድ ደቂቃ ሄደ። አላቋረጥኩም።

"ከት" ብዬ ቀረጻውን ሳስቆም ጆሮ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"እንዲህ እንደሚል ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"ከስክሪፕቱ ወጣ አይደል? አየሽ ግን ፊቱን? አየሽው?"

ሄድፎኑን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች።

አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘኝ። መንገዱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ሚያዝያ 22

የለም።

ሚያዝያ 22፣ ከሰዓት

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አላምነውም።

ጠዋት የኤዲቲንግ ክፍሉ እንደተከፈተ ገባን፣ እኔና ዘንጉ። ሚሞሪውን ሰካን። የትናንትናው አስራ አራት ፋይል አለ። የመጀመሪያውን ከፈትን፤ መሬት። የሚራመድ ጫማ። ሁለተኛው፤ መሬት። ሦስተኛው፤ የዘንጉ ጉልበትና የእኔ ጩኸት። አስራ አራቱንም…

ትናንት ጠዋት ዘንጉ መቅጃውን ሲጫን እጁ ደንግጦ ሁለቴ ተጭኖታል። በርቶ ጠፋ። ቀይ መብራት የለም፣ ሸፍኜዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የለም፣ አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተገላብጦ ሄደ። አክሽን ስል ጠፍቷል፤ ከት ስል ይቀዳል። የቀዳነው ዕረፍቱን ነው። ሥራው አንዱም የለም። ሄድፎኑ ደግሞ ተቀዳም አልተቀዳም ያሰማል። ማን ይወቅ?

ዘንጉ ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ ቀረ። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይላል። አይደለህም አልኩት። አንድ ጊዜ መልሰን አይተን ቢሆን… ሕጉን ያወጣሁት እኔ። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ።

የመጨረሻው ፋይል። ከት ካልኩ በኋላ የጀመረ። ካሜራው ወደ ታች ዞሯል፣ ሦስት ጥንድ ጫማ ያሳያል። ማይኩ ግን ገና ደረቱ ላይ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ነው። ይተነፍሳል። ረጅም ትንፋሽ። ቀጥሎ ለራሱ፣ በጣም ቀስ ብሎ፦

"በቃ። አሁን አወቀች።"

ምኑን?

ምኑን ነው ያወቅኩት?

ሚያዝያ 23

ጋራዥ ደወልኩ። "ትናንት ጠዋት ወሰዱት" አለኝ ኃላፊው። "እስካሁን ቆራርጠውታል። ምነው፣ ዕቃ ረሳሽ?"

ሚያዝያ 24

ተኛሁ። ተነሳሁ። ተኛሁ።

ሚያዝያ 26

አባቴ ያፏጫል። ያፏጫል! ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ዓመቱ?

ቧንቧውን ገጠመው። ፀጉሩን ተቆረጠ። ፀጉር ቆራጩ "ተዋናዩ መጣ" እያለ ሲያሾፍበት መዋሉን ሁለቴ ነገረኝ። ቁርስ ላይ ዳቦ እየቆረሰ፣ "ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነበር" አለኝ። "እንዲያውም አታናግሪኝም ብዬ። አንቺ ግን ትልቅ ሰው ነሽ።"

"ለምን እቀየምሃለሁ?" አልኩ። እውነቴን ነበር የጠየቅኩት። እሱ ግን መልስ መሰለው። እጄን መታ መታ አድርጎ ተነሳ።

የት ልግባ? ፊልሙ እንደሌለ እንዴት ልንገረው? ፊልሙስ ይሁን። ያላወቅኩትን ነገር ይቅር እንዳልኩት አድርጎ ደስ ብሎት እየኖረ ነው። አብሬው ቁርስ እበላለሁ። አብሬው እስቃለሁ። ሌባ ሆንኩ።

ሚያዝያ 28

ጆሮን ቤቷ ሄጄ ያዝኳት። ካልሲ ስታሰጣ አገኘኋት።

"ምን አለ?"

"ራሳቸውን ጠይቂያቸው።"

"እንዴት ብዬ ልጠይቀው? የሰማሁ መስሎት እኮ ነው!"

"እኔን አይደለም የነገሩኝ። ጆሮዬ ላይ ሄድፎን ስላለ ሰማሁ እንጂ…" ካልሲውን ገመዱ ላይ አጥብቃ ሰካችው። "ስክሪፕትሽ ውስጥ ያለው አይደለም። ይሄን ብቻ ነው የምልሽ።"

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሻይ ላፍላልሽ አለችኝ። ሳልጠጣ ወጣሁ።

ስክሪፕቴ ውስጥ ያለው አይደለም። ሰባት ጊዜ ያችው ቃል ላይ ሲቆም፣ በማግስቱም ተስፋ እስክቆርጥ ድረስ ሲቆም፣ የረሳ መስሎኝ ነበር። "አውቶቡሱ ተበላሽቶብኝ።" አልረሳም። መናገር አልቻለም። እኔ ደግሞ በል በል እያልኩ ስጮህበት ዋልኩ።

ግንቦት 2

መምህራችን አስራ አራቱን ፋይል ቁጭ ብሎ አየ። ጫማዎቹን፣ መሬቱን፣ ጩኸቴን። "አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት!" የሚለው ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ ቀኑን ሙሉ ስደግማት ውያለሁ ለካ። እንደዚያ እንደምጮህ አላውቅም ነበር። እንደዚያ የሚጮህ ሰው ሳይ እጠላለሁ።

የመጨረሻው ላይ የአባቴ ድምፅ "አሁን አወቀች" ሲል መምህሩ ጠረጴዛውን መታው። "ይሄ ነው ፊልምሽ! ያ ያሰብሽው ቀርቶብሽ እግዜር ካሰልሽ። ጫማዎቹና ይሄ ድምፅ። ዘጠኝ ደቂቃ አድርገሽ ቁረጭው። ግንቦት 12፣ ስድስት ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ።"

ካልሆነስ?

"ካልሆነማ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።"

ሌላ አንድ ዓመት። ለአባቴ ጡረታ ሌላ አንድ ዓመት ሸክም።

ግንቦት 5

ሦስት ቀን ቆረጥኩ። ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነው፤ ከስክሪፕቴ ይሻላል። ያ ነው የሚያናድደው።

ግን አባቴ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል። ኮቱን ለብሶ። የተናገረውን ሊሰማ መጥቶ የእኛን ጫማ ያያል፣ ልጁ ስትጮህበት ይሰማል። ከዚያ እኔ ምን እንዳወቅኩ ሰው ይጠይቀኛል። ምን ልል ነው?

ነገ እነግረዋለሁ።

ግንቦት 6

አልነገርኩትም። ፈራሁ።

ግንቦት 7

ነገርኩት።

ኩሽና ውስጥ ሰሃን ያጥብ ነበር። "አባዬ፣ አልተቀዳም" አልኩት። አስረዳሁት። መብራቱን፣ ፕላስተሩን፣ መገላበጡን። መኪና የሚያውቅ ሰው ነው፣ ወዲያው ገባው። "ይሆናል" አለ። "እኔም አንዴ የእጅ ፍሬን ይዤ ስንት ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ።" ሳቅ አለ እንኳ። "ግድ የለሽም ልጄ። ዋናው አንቺ መስማትሽ ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ማን ያውቅ ነበር?

"አልሰማሁህም" አልኩት። "ሄድፎኑ አንድ ነው። መስታወቱ ተዘግቶ ነበር። አፍህን ነው ያየሁት።"

ሰሃኑን አስቀመጠ። ፎጣውን አነሳ። እጁን ጠረገ፣ ጣት በጣት።

"ምንም አላወቅሽም ማለት ነው።"

"ምንም።"

"ይሄን ሁሉ ቀን?"

"ይሄን ሁሉ ቀን።"

"ለማን ነበር ታዲያ የተናገርኩት?"

የቀረውን ፋይል ነገርኩት፣ "አሁን አወቀች" የሚለውን ሳይቀር። ለፈተና ላስገባው እችላለሁ፣ ካልፈለግህ እተወዋለሁ አልኩት። "የራስሽ ጉዳይ ነው" አለና ክፍሉ ገባ። በሩን ሲዘጋ እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ግንቦት 8

አላናገረኝም። ፉጨቱም የለም።

ግንቦት 10

ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሰሃኑ ታጥቦ ይመለሳል። ሰው እንዴት አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ይርቃል?

ዘንጉ ደወለ፣ አላነሳሁም። ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ… አንድ ፊልም ልሠራ ወጥቼ ቤቴን አፍርሼ ገባሁ?

ግንቦት 12

ጠዋት ፍላሿን ኪሴ ከተትኩ። ላስገባ ይሁን ላላስገባ አልወሰንኩም። አራት ሰዓት ላይ አባቴ በሬን አንኳኳ። ኮቱን ለብሷል።

"ተነሺ፣ የምንሄድበት አለ።"

"ዛሬ እኮ የማስረከቢያው…"

"አውቃለሁ።"

ተርሚናሉ ድረስ በእግር ሄድን። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ገባን፣ ከመነሻው። የእሱ መስመር ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ እኔን በመተላለፊያው በኩል አስቀመጠኝ። ሹፌሩ ወጣት ነው። ማርሽ ሲያስገባ አባቴ ከንፈሩን መጠጠ፣ "ፍሪሲዮኑን ይጨርሰዋል" አለ። በአምስት ቀን ውስጥ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

አውቶቡሱ ሲነሳ ነገረኝ። ሳያየኝ፣ ወደ ፊት እያየ።

"አልተበላሸም ነበር።"

ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

"እዚሁ ቆሜ ነበር። ተቆጣጣሪው ከቢሮ ሮጦ ወጣ። 'ከሆስፒታል ተደውሏል፣ ቶሎ ና ብለዋል፣ ቁልፉን ለተተኪው ስጥና ሂድ' አለኝ። ተተኪው አጠገቤ ቆሟል። 'ይቺን አንድ ዙር ልጨርስ' አልኩ።"

"ለምን?"

"ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ስንት ዓመት ፈለግሁለት፣ የለውም። ስትሞት ማየት ፈራሁ። መሪ ይዤ እየነዳሁ ሳለሁ ምንም የምትሆን አይመስለኝም ነበር።"

ገበያው ጋ ቆምን። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን እግሬ ላይ ጫነችው። "ይቅርታ የኔ ልጅ" አለችኝ። ምንም አይደል አልኳት።

"እጅህስ?" አልኩት። "ተልጦ ነበር እኮ። ደም ነበረው።"

"ከዚያ በኋላ ነው። ከሄደች በኋላ ጋራዥ ገብቼ… ብረት ላይ ፈተግሁት። ለምን ዘገየህ ስትሉኝ የማሳያችሁ እንዲኖረኝ።"

ያንን እጅ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። እንዳያቃጥለው እፍ እያልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅ ስል የማስበው ያንን እጅ ነው። ፊልም የጻፍኩለት ለዚያ እጅ ነው። ጠላሁት። እዚያው ወንበር ላይ፣ ትከሻችን እየተነካካ፣ አባቴን ጠላሁት። ይሄን ለራሴ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ?

አውቶቡሱ ዳገቱን ጨርሶ ቀኝ ታጠፈ። ያኔ ነው የገባኝ። ዕድሜ ልኬን የተሳፈርኩበት መስመር ነው፤ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሰባት ቁጥር ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል።

"ያን ቀንም?" አልኩት።

"ያን ቀንም። ቆምኩ። በሩን ከፈትኩ። ስምንት ሰው ወረደ። አንዷ አበባ ይዛ ነበር። ሁሉም እስኪወርዱ ጠበቅኩ… በሩን ዘጋሁ። ሄድኩ።"

እናቴ ያን ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። እኔም እዚያው፣ እጇን ይዤ። "መጣ?" ትለኛለች። "እየመጣ ነው እማዬ" እላታለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች። ደግሜ እላታለሁ።

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ዘንቢሉን ለሴትዮዋ መልሼ ተነሳሁና ወረድኩ፣ ሳላስበው። ይከተለኛል ብዬ ዞር ስል አልተነሳም። ሁለት እጁ የፊቱን ወንበር ብረት ይዟል። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ።

ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም። ፍላሿ ኪሴ ውስጥ ናት። መሄድ እችል ነበር። እግሬ አልሄድ አለኝ። ይመጣል ብዬም አልነበረም… ይመጣል ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አንዲት ነርስ "መንገድ ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኳት።

ከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሩ ተመልሶ መጣ። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሩቅ አየሁት፣ በግንቡ ጥግ ጥግ፣ ጉልበቱን እየያዘ ሲቆም፣ ሲነሳ። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎታል። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ፊቴ መጥቶ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅኩት።

"ዘገየሁ" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።